«አይዞህ» የሚሉኝ ዳገት ላይ ነው

ድንኳንና ልብሱን ብስክሌት ላይ ጭኖ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ዳገቱን እንዴት ትችለዋለህ?» ዝናብ ሲጨመርበት ጥያቄው ወደ ሐዘኔታ ይቀየራል። «ውይ! በዚህ ዝናብ ዳገት?» እስካሁን ግን «ቁልቁለቱን እንዴት ቻልከው?» ያለኝ ሰው የለም። ለምንስ ይበሉ? ቁልቁለት ላይ እግር ያርፋል፣ ብስክሌቱ ራሱ ይሄዳል፣ ነፋሱ ፊት ይዳብሳል። ምን ችግር አለው?

ደረቅ ቀን ላይ ምንም ችግር የለውም። እኔም ዳገት የምወጣው ለዚያ ስል ነው። ዝናብ ሲገባበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኮረብታማ መንገድ ላይ ለብቻው ሲሄድ ቀኑን ሙሉ ዝናብ የወረደበት ሰው ይሄን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ከእንደዚህ ዓይነት ቀኖች ስለ አንዱ ልንገራችሁ።

የዕለቱ መንገድ ካርታው ላይ ሲታይ ወጣ ወረድ፣ ወጣ ወረድ ነው። እንዲህ ያለው መንገድ ከአንድ ትልቅ ተራራ ይብሳል። ተራራን አንዴ ትወጣዋለህ፣ አንዴ ትወርደዋለህ፣ አለቀ። ኮረብታ ግን ያልብሃል፣ ያበርድሃል፣ ከዚያ እንደገና ያልብሃል። ደግሞ ኮረብታና ዝናብ አይለያዩም። እርጥብ አየር ኮረብታ ሲገጥመው ወደ ላይ ይገፋል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን እርጥበት መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ተረተር ሲዘንብበት ይውላል፤ ከጀርባው ያለው ሜዳ ፀሐይ ይሞቃል። የእኔ መንገድ በየትኛው በኩል እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

ሲነጋ ካፊያ ነበር። ካፊያ አታላይ ነው። ዶፍ ቢሆን ሰው ይወስናል፤ ወይ ይቀራል፣ ወይ ለብሶ ይወጣል። ካፊያ ግን «ይሄማ ምን አላት» ያሰኛል። እኔም እንደዚያ ብዬ ድንኳኔን እንደረጠበ ጠቀለልኩና ወጣሁ።

የመጀመሪያው ክርክር ሁልጊዜ ስለ ጃኬት ነው። ልልበስ አልልበስ? ውሃ የማያስገባ ልብስ አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ በሁለት ጨርቆች መሀል ጎማ አጣብቆ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1823 ነው። ችግሩ፣ ዝናቡን ከውጭ ያገደ ጨርቅ ላቡንም ከውስጥ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር ካገኘው ቁስ የተሠራው ጎር-ቴክስ የተባለው ስስ ሽፋን መፍትሔ ይሆናል ተባለ። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ በጣም ጠባብ ናቸው፤ የላብ ተን ግን ያሳልፋሉ። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፣ ከተማ ውስጥ ለሚራመድ ሰውም ይሠራል። ጓዝ የጫነ ብስክሌት ዳገት ላይ ሲገፋ የሚወጣውን ላብ ግን የሚከተል ጨርቅ እኔ አላየሁም። የጃኬቱ ላይኛ ገጽ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ደግሞ ተኑ መውጫ ያጣል። ወይ በዝናብ ወይ በላብ፣ መበስበሱ አይቀርም።

ስለዚህ የእኔ አቋም የሚከተለው ነው። ብዙ ሰው አይስማማም። ጃኬት የቁልቁለት ልብስ ነው። ዳገት ላይ ስስ የሱፍ ካናቴራ ብቻ ለብሼ እወጣለሁ፤ ዝናቡም ይምታኝ። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት መያዙን ጨርሶ አይተውም፤ ጥጥ ግን ውሃውን ይዞ ገላ ላይ ይለጠፋል። ጃኬቱ ሻንጣ ውስጥ ደረቁን ተቀምጦ አናቱ ላይ ይጠብቀኛል። ብርዱ ወደ በረዶ ከተጠጋ ወይም ነፋሱ ከከፋ ግን ይሄ ምክር አይሠራም፤ እንደዛ ሲሆን ሁሉንም መልበስ ነው።

የመጀመሪያው ዳገት ሲጀምር ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። እኔም ማርሹን ወደ መጨረሻው፣ ወደ ቀላሉ ቀየርኩት። ከፊት 22 ጥርስ፣ ከኋላ 36 ጥርስ። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ ከአንድ ሜትር ከሩብ ብዙም አያልፍም። ያስቃል። ከጎንህ ቀንድ አውጣ ቢኖር ሰላም ልትለው ትችላለህ። ግን ጉልበትህ አይሰበርም፣ ትንፋሽህም አይቆረጥም፤ ቀኑን ሙሉ ልትሄድበት ትችላለህ።

ይሄ ቀላል ማርሽ በነፃ የተገኘ አይደለም። ቱር ደ ፍራንስ የተባለው የፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር መሥራች ሄንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀየር የደካማ ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። ውድድሩ ማርሽ መቀየሪያን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እስከዚያ ድረስ ተወዳዳሪው ዳገት ሲደርስ ወርዶ የኋላውን ጎማ ፈትቶ ያገላብጠው ነበር፤ በአንዱ ጎን ያለው ጥርስ ለዳገት፣ በሌላው ጎን ያለው ለሜዳ። ከእሱ ወገን በተቃራኒ የቆመው ቬሎሲዮ በሚል ስም የሚታወቀው ፖል ደ ቪቪ ነበር። ሳንቴትየን የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ሰው ነው፣ ለውድድር ሳይሆን ለጉዞ የሚጋልብ። ማርሽ የግድ ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተሟገተ። ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ የሚለውን ምክርም ለተጓዦች የተወው እሱ ነው። እኔ የቬሎሲዮ ወገን ነኝ። የዴግራንዥ ወኔ የሚያስፈልገው ለሚወዳደር ሰው ነው፤ እኔን ማንም አይጠብቀኝም።

ከማርሽም በላይ ሆኖ ዳገቱ ሲከፋ ወርጄ እገፋለሁ። ይሄን ሼም አድርገው የሚያዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1884 ቶማስ ስቲቨንስ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ አሜሪካን ሲያቋርጥ የያዘው ያ የፊት ጎማው ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ የሆነ ብስክሌት ነበር። ማርሽ የለውም። ከመንገዱ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን በእግሩ ነው የሄደው። ከዚያ ቀጥሎ ዓለምን ዞረ። የያዘው ጓዝ ደግሞ ካልሲ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ሽጉጥ፣ እንደ ድንኳንም የሚያገለግል የዝናብ ካፖርት። እሱ ከገፋ እኔ ለምን አልገፋም? በዚያ ላይ መግፋት የደነዘዘ የእግር ጣት ያሞቃል።

ዳገቱ መሀል ላይ ትልቁ እውነት የገባኝ ሳይበርደኝ መቆየቴን ልብ ስል ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ከራስ ቁሬ ጫፍ ላይ ጠብታ እየተከታተለ አፍንጫዬ ላይ ያርፋል፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቃል። ግን አልበረደኝም። ሒሳቡን ብንሠራው አይገርምም። እኔ፣ ብስክሌቱና ጓዙ ስንደመር 100 ኪሎ ገደማ ነን። 8 በመቶ ዳገት ላይ 150 ዋት ጉልበት ለፔዳሉ ብሰጠው የምሄደው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። ከሚቸኩል እግረኛ ጋር እኩል ማለት ነው። የሰው ሰውነት ግን ካቃጠለው ምግብ ወደ ፔዳል የሚያደርሰው ቢበዛ ሩቡን ነው። ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፔዳሉ 150 ዋት ካገኘ፣ እኔ ውስጥ 450 ዋትና ከዚያ በላይ ሙቀት እየተመረተ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሆድ ውስጥ ለኩሶ እንደ መሄድ ነው። በዚያ ፍጥነት ደግሞ ራስህ የምትፈጥረው ነፋስ የለም።

ልክ እዚህ ቦታ ላይ፣ ምድጃው በደንብ እየነደደ ሳለ፣ አንድ ፒክአፕ መኪና ከኋላዬ ደርሶ አጠገቤ ዝግ አለ። ሹፌሩ መስኮቱን በግማሽ አወረደ። ሙሉውን ቢያወርደው ዝናቡ ይገባበታል፤ ብልህ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ና ግባ! ብስክሌቱን ከኋላ እንጭነዋለን። አናቱ ላይ ላድርስህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ።»

«ኧረ ትታመማለህ! በዚህ ዝናብ?»

«ምንም አልል። እየሞቀኝ ነው።»

አላመነኝም። ሰውየው ከልቡ ነበር ያዘነልኝ። «በል አይዞህ» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እኔ ግን እምቢ ያልኩት ለኩራት አልነበረም። መኪናው ውስጥ ብቀመጥ እንደ ረጠብኩ ምድጃዬ ይጠፋል። አናቱ ላይ ሲያወርደኝ ቀዝቅዤ ነው የምወርደው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቁልቁለቱ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ቁልቁለት ላይ ማንም ቆሞ «ና ግባ» ብሎኝ አያውቅም። እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሬ ጠቁሮ ስወርድ የሚያየኝ ሹፌር ይመስለኛል «እንዴት ይዝናናል!» ብሎ ነው የሚያልፈኝ።

ብቻን መሄድን በተመለከተ ብዙ ይባላል፣ ነፃነት፣ ጸጥታ፣ ከራስ ጋር መነጋገር። እውነቱን ለመናገር ዝናብ ላይ ከራሴ ጋር የማወራው ቁምነገር የለኝም። ፔዳል እቆጥራለሁ፤ ሃያ ድረስ፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ። የብቻ ጉዞ የሰጠኝ ትልቁ ጥቅም ማማረሪያ ማጣቴ ነው። ሁለት ሆነን ስንሄድ አንዱ «ኤጭ!» ይላል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ግማሽ ሰዓት ስንነጫነጭ እንሄዳለን። ብቻህን ስትሆን አንዴ «ኤጭ!» ትላለህ፣ የሚቀበልህ የለም፣ በዚያው ይቀራል።

ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል፤ እሱም ቁልቁለት ላይ ነው የሚመጣው። ሰው ሲበርደው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እጁ አልታዘዝ ይላል፣ ውሳኔው ይበላሻል። ይሄን ቀድሞ የሚያየው ጓደኛ ነው። ራሱ በብርድ የተያዘው ሰው «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ጓደኛ ከሌለ ምርመራውን ራስህ መሥራት አለብህ። የእኔ ምርመራ ቀላል ናት፤ አውራ ጣቴን ከትንሿ ጣቴ ጫፍ ጋር አገናኛለሁ። ከተገናኙ እቀጥላለሁ። ካልተገናኙ እቆማለሁ፣ ምንም ክርክር የለም።

አናቱ ላይ ስደርስ ጭጋግ ነበር። እይታ የሚባል ነገር የለም። አንድ ምልክት፣ አንድ የታጠፈ አጥር፣ ከዚያ ነጭ። ለፎቶ የሚሆን ነገር ስላልነበረ ጊዜ አልባከነም። አናት ላይ የምሠራውን የማስበው ገና ዳገቱ ሳያልቅ ነው፤ ቆሜ ማሰብ ከጀመርኩ መብረዱ ይጀምራል። በቅደም ተከተል ጃኬት፣ ደረቅ ጓንት፣ ከራስ ቁሩ ሥር ስስ ኮፍያ፣ ከፔርሙዝ ሁለት ጉንጭ ትኩስ ሻይ፣ ግማሽ ቸኮሌት። የጃኬቱን ዚፕ በጣቴ መያዝ አልቻልኩም። በጥርሴ ነክሼ ነው እስከ አገጬ የጎተትኩት። የብረት ጣዕሙ ከቸኮሌቱ ጋር ተቀላቀለ።

ከዚያ ቁልቁለቱ።

የሆነውን አስቡት። ከደቂቃ በፊት 450 ዋት ሙቀት የሚያመርት ሰውነት አሁን እግሩን አቁሟል፤ የሚያመርተው እንደተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ነው። ፍጥነቱ ከ6 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ዘሏል። ነፋሱ እርጥብ ልብስ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ውሃ ደግሞ ከቆመ አየር 25 ጊዜ ያህል ሙቀት ያሸሻል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፣ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል። ግን ኮረብታ 1,000 ሜትር ከየት ያመጣል? የሚጨምርልህ አንድ ሁለት ዲግሪ ከነፋሱ ጋር አይመጣጠንም።

ይሄ የእኔ ድክመት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1988 የጣሊያን ዙር ተወዳዳሪዎች ጋቪያ የሚባለውን፣ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ማለፊያ በዝናብና በበረዶ ውስጥ ወጡት። አናቱን በአንደኝነት ያለፈው ሆላንዳዊው ዮሃን ቫን ደር ቬልደ ነበር፣ ያውም አጭር እጅጌ ለብሶ። ዳገቱን አሸነፈው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ አቆመው፤ የዕለቱን መጨረሻ መስመር ያለፈው ከአሸናፊው ከ45 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው አንዲ ሃምስተን በበኩሉ ቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ወፍራም ጓንት ይዞ ነበር የወጣው። የዚያን ቀን ሁለተኛ ወጣ፣ መሪነቱን ያዘ፣ ዙሩንም አሸነፈ። እነዚህ በዓለም ላይ ምርጥ የሆኑ እግሮች ናቸው። ቁልቁለት እግር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጓንት ነው።

የእኔ ብስክሌት ፍሬኑ ቸርኬውን በጎማ ሸክላ የሚይዝ፣ የድሮው ዓይነት ነው። ሲረጥብ ወዲያው አይዝም። መጀመሪያ ሸክላው ውሃውን ከቸርኬው ላይ ይጠርጋል፣ ጎማው አንድ ሁለት ዙር ይዞራል፣ ከዚያ ነው መያዝ የሚጀምረው። ያ መሀል ያለው ጊዜ፣ ፍሬኑን ጨብጠህ ምንም የማይሆንበት፣ ረጅም ነው። ስለዚህ ኩርባው ሳይደርስ ቀደም ብዬ ነካ ነካ አደርጋለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከቸርኬው ላይ ግራጫ ጭቃ ይንጠባጠባል። የመንገድ ጭቃ ብቻ አይደለም፤ የተፈጨ አሸዋ፣ የሸክላው ጎማ፣ የቸርኬው አልሙኒየም ነው። ድምፁ ጥርስ ያስነክሳል። አንድ ዝናባማ ቁልቁለት ደረቅ ወር የማይበላውን ሸክላ ይበላል። ዲስክ ፍሬን ያላቸው እዚህ ላይ ቢስቁብኝ አይፈረድባቸውም።

መንገዱ ላይ ያለው ቀለም ሌላ ጉድ ነው። ነጩ መስመር፣ የብረት ክዳን፣ የወደቀ ቅጠል፤ ሦስቱም ሲረጥቡ ያንሸራትታሉ። ጎማው ራሱ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም። የብስክሌት ጎማ ጠባብና ክብ ስለሆነ ውሃውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ እንደ መኪና ውሃ ላይ አይንሳፈፍም።

መሀል ላይ እግሬን ማዞር ጀመርኩ። ቁልቁለት ላይ ፔዳል መምታት ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ፍሬኑን በመጠኑ ይዤ እግሬን አሠራዋለሁ። ፍጥነት አልጨምርም፤ የምፈልገው ሙቀቱን ብቻ ነው። ከዚያ አውራ ጣቴን ከትንሿ ጣት ጋር ሞከርኳት። ተገናኙ፣ ግን ቀስ ብለው። አንድ የአውቶቡስ መጠበቂያ ጣሪያ ሥር ገብቼ እስክሞቅ ቁጭ ብድግ ሠራሁ። የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ምንም አላሉኝም። አንደኛዋ ግን ቦርሳዋን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች፤ አልፈርድባትም።

የጎማው መፈንዳት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናብ ላይ የጎማ መፈንዳት ይበዛል የሚሉት እውነት ነው፤ ውሃው ብርጭቆና ስለታም ጠጠር ከጎማው ጋር ያጣብቃል፣ የረጠበ ጎማ ደግሞ በቀላሉ ይቆረጣል። መለጠፍ አይታሰብም፣ ማስቲሹ እርጥብ ላይ አይዝም። ቅያሪውን የውስጥ ጎማ አስገብቼ ሄድኩ። በደረቅ ቀን አሥር ደቂቃ የማይፈጀው ሥራ ምን ያህል እንደፈጀ አልናገርም።

እንግዲህ ከታች ሆኜ ቀጣዩን ዳገት ቀና ብዬ ሳየው ምን ተሰማኝ? ደስታ። ትክክለኛ ደስታ። «ና እስቲ» አልኩት ጮክ ብዬ። ጃኬቴን አውልቄ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ገና ሩቡ ላይ ጣቶቼ መውጋት ጀመሩ፤ ደም ሲመለስ እንደዚያ ነው፣ ያማል፣ ግን ደስ የሚል ሕመም ነው። ቀኑ በዚህ ዓይነት ነው ያለቀው። ዳገት ላይ እያረፍኩ፣ ቁልቁለት ላይ እየደከምኩ። አማካይ ፍጥነቴን አትጠይቁኝ።

ማታ ያደርኩት ጣሪያ ሥር ነው። ሰው ከእንደዚህ ዓይነት ቀን በኋላ ድንኳን ይተክላል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ እኔ አይደለሁም። ጫማዬ ውስጥ ጋዜጣ ጠቀጠቅኩ፣ ካቴናውን ጠርጌ ዘይት ቀባሁ፤ ይሄን ለነገ ያሳደረ ጠዋት በዝገት ድምፅ ነው የሚነቃው። ሻንጣዎቹን ስከፍት ውስጣቸው ደረቅ ነው። እዚህ ላይ ሃርትሙት ኦርትሊብ የሚባለውን ጀርመናዊ ሳላመሰግን አላልፍም። እሱም እንግሊዝ ውስጥ በብስክሌት ሲጓዝ ዝናብ አበስብሶት፣ የጭነት መኪናዎችን ሸራ አይቶ ነው ከእሱ ሻንጣ ልሥራ ያለው። ድርጅቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ደረቅ ካልሲ እግርህ ላይ ስታደርግ ስሙን ታስታውሰዋለህ።

እህቴ ደወለች።

«ዳገቱ እንዴት ነበር?»

«ዳገቱ ጥሩ ነበር።»

«ትቀልዳለህ አይደል?»

ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ ዋቱም፣ ስለ ጓንቱም ነገርኳት። «እሺ» አለችኝ፤ በዚያ ድምፅ «እሺ» ስትል አልሰማሁህም ማለቷ ነው። ከዚያ «ነገስ?» አለች። ካርታውን ከፈትኩት። ነገ ከማደሪያው በር ጀምሮ የሚወርድ ረጅም ቁልቁለት ነው፣ ከሥሩ ሜዳ። ትንበያው ደግሞ እስከ ረፋድ ዝናብ፣ ከዚያ ገለጥ ይላል ይላል። «ቁልቁለት ነው» አልኳት። «ተመስገን! እንግዲህ ነገ ታርፋለህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ማንቂያውን በሁለት ሰዓት ገፋሁት።